«አሁን ላክሁት» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ከውጭ አገር ሰዎች ጋር በስልክ፣ በኢሜይልና በቻት የምሠራ ሴት ነኝ። እንግሊዝኛዬ መጥፎ የሚባል አይደለም። ግን ገና አሁን የሆነን ነገር ለመናገር ስሞክር እደናበራለሁ። በቀደም አለቃዬ ደውሎ ፋይሉን ልኬው እንደሆነ ጠየቀኝ። «አይ ሴንት ኢት ናው» አልኩት። እሱ ግን ገና ልልክ መስሎት ዝም ብሎ ሲጠብቅ ቆየ። ሌላ ቀን «ቢፎር ፋይቭ ሚኒትስ» ስል አንዷ ባልደረባዬ አረመችኝ። «አይ ጀስት ሴንት ኢት» ስል ደግሞ ሌላው «ሃቭ የት ገባ?» አለኝ። ስብሰባ ላይ ግን አሜሪካኖቹ ያለ ሃቭ ሲያወሩ ነው የምሰማው። ይባስ ብሎ አንድ የደቡብ አፍሪካ ባልደረባችን «ጀስት ናው» እልክልሻለሁ ብሎኝ ስጠብቅ ዋልኩ። አሁን የሆነውን ነገር እንዴት ብዬ ልናገር? እንዳልሳሳት ስል ዝም ማለት ጀምሬያለሁ።
ግራ የገባት

መልስ

ውድ እህቴ፣

ዝምታውን ተይው። የጠቀስሻቸው ነገሮች እንግሊዝኛ አለመቻልሽን አያሳዩም። አማርኛና እንግሊዝኛ ገና አሁን የሆነን ነገር የሚናገሩበት መንገድ ስለሚለያይ የመጡ ናቸው። የማይገጥሙባቸው ቦታዎች ደግሞ ብዙ አይደሉም።

ከአለቃሽ ጋር ከተፈጠረው እንነሳ። «አሁን» ሰፊ ቃል ነው። «አሁን እልከዋለሁ» እንላለን። «አሁን እየላክሁት ነው» እንላለን። «አሁን ላክሁት» እንላለን። ለሦስቱም ያገለግላል፤ ጊዜውን የሚለየው ግሱ ነው። የእንግሊዝኛው «ናው» ግን ካለቀ ነገር አጠገብ ብቻውን ሲቆም ጆሮ ይጎረብጣል። ሰሚው «ናው» ሲሰማ እየሆነ ያለ ወይም ሊሆን የተቃረበ ነገር ይጠብቃል። በዚያ ላይ «ሴንት ኢት» እና «ሴንድ ኢት» በስልክ ቶሎ ሲነገሩ ለመለየት ያስቸግራሉ። አለቃሽ መጨረሻ ላይ «ናው» ሲሰማ «ሴንድ» ያልሽ መስሎት መሆን አለበት። ለእሱ «አሁን እልከዋለሁ» ብለሻል። ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

የጎደለው አንድ ቃል ነው። «አይ ሴንት ኢት ጀስት ናው» ብትይው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «ጀስት» ስትጨመር «ናው»ን ወደ ኋላ ትስባታለች። «አሁን፣ ካንድ አፍታ በፊት» እንደማለት ይሆናል። ይህን ስትይ ግሱን በተራው ያለፈ ጊዜ፣ ማለትም በሲምፕል ፓስት አድርጊው። ሃቭ አያስፈልግሽም።

ሁለተኛው መንገድ «አይ ሃቭ ጀስት ሴንት ኢት» ነው። በንግግር አጥረሽ «አይቭ ጀስት ሴንት ኢት» ትያለሽ። እዚህ «ጀስት» ቦታዋ ከሃቭ ቀጥሎ፣ ከግሱ በፊት ነው።

ያለ ሃቭ «አይ ጀስት ሴንት ኢት» ማለትስ? ትክክል ነው። «ሃቭ የት ገባ?» ያለሽ ባልደረባሽ የተማረው የእንግሊዞቹን አነጋገር ይሆናል። እንግሊዞች ገና አሁን ለሆነ ነገር ሃቭን ይመርጣሉ፤ ብዙ የሰዋስው መጻሕፍትም የሚያስተምሩት ያንኑ ነው። አሜሪካኖች ግን ሁለቱንም ይጠቀማሉ፣ በተለይ ሲያወሩ ሃቭን ይተዉታል። ማንም አሜሪካዊ «አይ ጀስት ሴንት ኢት» ስትይው ስህተት ሰማሁ ብሎ አያስብም። አብሮሽ የሚሠራው ሰው ከየት እንደሆነ እያየሽ መቀያየርም የለብሽም። አንዱን ልመጂና እሱን ያዢ። ምክሬን ከፈለግሽ ሃቭ ያለበትን ያዢ። የትም አገር ሰው ያለ ችግር ይቀበለዋል፣ ኢሜይል ላይም ያምራል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ስብሰባ ላይ «ያለ ሃቭ ነው የሚሉት» ያልሽው ሁሉ ያለ ሃቭ ላይሆን ይችላል። «አይቭ ጀስት» በፍጥነት ሲነገር መሃል ያለችው «ቭ» ትዋጣለች። ጆሮሽ የሚደርሰው «አይ ጀስት» ነው። «ሴንት» ደግሞ በሲምፕል ፓስትም በፕረዘንት ፐርፌክትም፣ ማለትም ሃቭ ባለበት አነጋገር፣ መልኩ አንድ ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊው ሃቭ ብሎ፣ አሜሪካዊው ሳይል፣ ላንቺ አንድ ዓይነት ሆነው ይሰማሉ። ልዩነቱ በግልጽ የሚሰማው ግሱ መልኩን ሲቀይር ነው። «አይ ጀስት ሶው ሂም» እና «አይቭ ጀስት ሲን ሂም»። «ሺ ጀስት ወንት አውት» እና «ሺዝ ጀስት ጎን አውት»። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። ሃቭ ካለሽ «ሲን»፣ «ጎን»፣ «ደን»፣ «ኢተን» ነው። ሃቭ ከሌለሽ «ሶው»፣ «ወንት»፣ «ዲድ»፣ «ኤት» ነው። «አይ ሃቭ ጀስት ወንት» ወይም «አይ ጀስት ደን» ብሎ ማደባለቅ ግን በሁለቱም አገር የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስህተት ነው። ሃቭ ከሚቀር ይልቅ ይህ ይበልጥ ጆሮ ይይዛል።

ባልደረባሽ «ቢፎር ፋይቭ ሚኒትስ» ያልሽውን ማረሟ ልክ ነበረች። «ከአምስት ደቂቃ በፊት» የሚለውን ቃል በቃል ብታሻግሪው የሚመጣልሽ እሱ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይለዋል። እንግሊዝኛው ከአሁን ተነስቶ ወደ ኋላ ሲቆጥር «አጎ» ነው የሚለው፣ እሱም ከቁጥሩ በኋላ ይመጣል። «ፋይቭ ሚኒትስ አጎ»። ደቂቃውን መቁጠር ካልፈለግሽ «ኤ ሚኒት አጎ» ወይም «ኤ ሞመንት አጎ» በይ። አንድ ደቂቃ ነው ተብሎ ማንም ሰዓት አያይብሽም፤ «ካንድ አፍታ በፊት» ማለት ነው።

«አጎ» ግን ከሃቭ ጋር አይስማማም። «አይ ሃቭ ሴንት ኢት ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» አይባልም። ይህን የሚሉ ጎበዝ ተናጋሪዎች አውቃለሁ፤ ምክንያቱ ስለማይነገራቸው ነው። ምክንያቱን ካወቅሽው ደንብ መሸምደድ አይኖርብሽም።

ሃቭ ስትይ የምታወሪው ስለ አሁን ነው። ፋይሉ ተልኳል፣ እጁ ላይ ነው፣ ሊከፍተው ይችላል። መቼ እንደላክሽው ጉዳይሽ አይደለም። «አጎ» ስትይ ደግሞ ጣትሽን ሰዓት ላይ እየጠቆምሽ ነው። ያ ጊዜ አልፏል፣ ተዘግቷል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ማድረግ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይጋጭበታል። ስለዚህ ጊዜውን ከጠራሽ ሲምፕል ፓስት፣ ካልጠራሽ ሃቭ። «ዬስተርደይ»፣ «ላስት ናይት»፣ «አት ናይን»፣ «ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» ሁሉም ጊዜ መጥራት ናቸው።

እኛ ላይ የሚከብደው «ትናንት ልኬዋለሁ» ማለት ስለምንችል ነው። አማርኛ «ልኬዋለሁ»ን ከ«ትናንት» ጋር ያለ ችግር ያስቀምጣል፤ የተማርነው ደግሞ «ልኬዋለሁ» ማለት «አይ ሃቭ ሴንት ኢት» ነው ተብለን ነው። ከዚያ «አይ ሃቭ ሴንት ኢት ዬስተርደይ» ይወጣናል። ስለዚህ አማርኛሽ «ልኬዋለሁ» ስላለ ብቻ ወደ ሃቭ አትሂጂ። አጠገቡ ጊዜ አለ ወይስ የለም? እሱን እዪ።

ሥራ ላይ የሚጠቅምሽን አንድ አካሄድ ላሳይሽ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዜና ሲያበስሩ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በሃቭ ይከፍቱታል፣ ዝርዝሩን በሲምፕል ፓስት ይቀጥላሉ። የዜና አንባቢዎችን አዳምጪ፤ ደጋግመው ሲያደርጉት ትሰሚያለሽ። እንበልና አንድ የተበላሸ ነገር ጠገናችሁ፣ ለአለቃሽም ትነግሪዋለሽ። «ዊ ሃቭ ጀስት ፊክስድ ዘ ፕሮብለም።» ይህ ብሥራቱ ነው፤ አሁን ችግር የለም። ከዚያ «ዊ ፋውንድ ኢት አት ናይን። ኤ ኬብል ዋዝ ሉዝ። ዊ ሪፕሌስድ ኢት ቴን ሚኒትስ አጎ።» ይህ ታሪኩ ነው። ከብሥራቱ በኋላ ሃቭ አይደገምም። ብዙዎቻችን አንዴ በሃቭ ከጀመርን እስከ መጨረሻው «ዊ ሃቭ ፋውንድ፣ ዊ ሃቭ ሪፕሌስድ» እያልን እንነጉዳለን። ሰሚው ነገሩን ይረዳል፤ ግን ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ይምታታበታል፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አዲስ ዜና ይመስለዋል። አንዴ አብሥሪ፣ ከዚያ ተርኪ።

ስትጠየቂም ጥያቄው ራሱ መንገዱን ያሳይሻል። «ሃቭ ዩ ሴንት ኢት?» ካለሽ «የስ፣ አይቭ ጀስት ሴንት ኢት» በይ። «ዲድ ዩ ሴንድ ኢት?» ካለሽ «የስ፣ አይ ሴንት ኢት ኤ ሚኒት አጎ» በይ። ጠያቂሽ የጀመረበትን ይዘሽ መመለስ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እነሱም የሚያደርጉት ነው።

«ኦልሬዲ»ን ግን በድምፅሽ ጠብቂያት። «አይቭ ኦልሬዲ ሴንት ኢት» ማለት «ልኬዋለሁ እኮ» ነው። ሳትጠይቀኝ በፊት ጨርሼዋለሁ ማለት ነው። ለስለስ ካልሽ ፈጣን ሠራተኛ ያስመስልሻል፤ ቃሏን ጫን ካልሽባት ግን «ስንቴ ልንገርህ?» ያልሽ ይመስላል። ከአለቃ ጋር ስትሆኚ «ጀስት» ትሻልሻለች።

አሁን ደብዳቤሽ ውስጥ ወደሌለ፣ ግን አንድ ቀን ወደሚገጥምሽ ነገር ልግባ። ይህ ከሰዋስው ስህተት በላይ ሰው የሚያጣላ ነው። አማርኛ ገና ያልተፈጸመን ነገር እንደተፈጸመ አድርጎ ይናገራል። ከወንበርሽ ስትነሺ «መጣሁ» ትያለሽ፤ እየሄድሽ ነው ግን። መንገድ ላይ ሆነሽ ሲደወልልሽ «ደረስኩ» ትያለሽ። ሥራውን ሲያጣድፉሽ «ጨረስኩ፣ ጨረስኩ» ትያለሽ፤ ገና ሩብ ይቀርሻል። ማንም አማርኛ ተናጋሪ ዋሸሽኝ አይልሽም። ልትጨርሺ መቃረብሽን ይረዳል።

ይህን ወደ እንግሊዝኛ ይዘሽ ከገባሽ ግን ነገር ይበላሻል። «አይ ፊኒሽድ» ወይም «አይቭ ጀስት ፊኒሽድ» ካልሽ ሥራው አልቋል። አለቃሽ ያንን ይዞ ለደንበኛው «ተጠናቋል» ይላል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፋይሉ ሲደርሰው «ይህች ልጅ ያልሠራችውን ሠራሁ ትላለች» ብሎ ሊያስብ ይችላል። አንቺ ግን የተናገርሽው በልማድሽ ነው። በእንግሊዝኛ ያለፈ ጊዜ ለአለቀ ነገር ብቻ ነው። ልትጨርሺ ከተቃረብሽ «አይም ኒርሊ ደን» ወይም «አይም ኦልሞስት ፊኒሽድ» በይ። ለ«ደረስኩ» «አይም ኦልሞስት ዜር» አለልሽ። ለ«መጣሁ» ደግሞ «አይል ቢ ራይት ባክ»፤ ጠርቶሽ ወደሱ የምትሄጂ ከሆነ «አይም ካሚንግ»። እነዚህን ብቻ አፍሽ እስኪለምዳቸው ድረስ ደጋግመሽ በያቸው። ከሁሉም ቀድመሽ እነዚህን ብትይዢ ደስ ይለኛል፤ የሰው እምነት ያለው እነዚህ ላይ ነው።

ሊያደርጉት ሲሉ ለቀረ ነገርም መንገድ አለ። «ልደውልልህ ስል ደወልክ» ለማለት «አይ ዋዝ ጀስት አባውት ቱ ኮል ዩ» ይባላል። «ጀስት አባውት ቱ» ካለ ነገሩ አልተደረገም፤ ሊደረግ ጫፍ ላይ ነበር። «አይ ጀስት ኮልድ ዩ» ካልሽው ግን ደውለሽ ነበር ማለት ነው፣ ስልኩን ገልብጦ ያልተመለሰ ጥሪ ይፈልጋል።

አማርኛ እንቅፋት ብቻ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። የሚረዳሽም ቦታ አለ። «ገና አሁን መግባቴ ነው» ስንል «አይቭ ጀስት አራይቭድ» ማለታችን ነው። ይህንኑ ወደ ትናንት ስትወስጂው «ስትደውል ገና መግባቴ ነበር» ትያለሽ። «ነው» ወደ «ነበር» ሲለወጥ እንግሊዝኛውም ሃቭን ወደ «ሃድ» ይለውጣል። «ዌን ዩ ኮልድ፣ አይ ሃድ ጀስት አራይቭድ»። አንድ ለአንድ ይሄዳል። ከትናንት የሆነ ነገር ስትተርኪ አማርኛሽ «ነበር» ካለ «ሃድ ጀስት» በይ። «ጀስት ናው» ግን ወደ ትናንት አትሄድም፤ የተጣበቀችው የምትናገሪበት ሰዓት ላይ ነው።

«ቅድም»፣ «በቀደም» እና «ሰሞኑን» የየራሳቸው ተጣማሪ አላቸው። ለ«ቅድም» «ኧርሊየር» በይ፤ «አይ ሴንት ኢት ኧርሊየር ቱደይ» ዛሬ፣ ግን አሁን ያልሆነ። ለ«በቀደም» «ዚ አዘር ደይ» ይገጥማል፤ ቀኑ ሳይጠራ ጥቂት ቀናት ወደ ኋላ። ለ«ሰሞኑን» «ሌትሊ» አለ፤ እሱ ከሃቭ ጋር ይሄዳል፣ ለአንድ ጊዜ ድርጊት ሳይሆን ሲደጋገም ወይም ሲቆይ ለከረመ ነገር ነው። «ሪሰንትሊ» ደግሞ «በቅርቡ» ነው። ይህችን ለደቂቃ አታውያት። አለቃሽን «አይ ሪሰንትሊ ሴንት ኢት» ብትይው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በፊት ይመስለዋል፣ የድሮ ኢሜይል ሲፈትሽ ይቆያል።

«ጀስት» ራሷ «ብቻ» ወይም «እንዲያው» ማለትም ትሆናለች። «አይ ጀስት ዋንትድ ቱ አስክ» ሲልሽ ገና አሁን ፈለግሁ ማለቱ አይደለም። «እንዲያው ልጠይቅሽ ብዬ ነው» እያለ ጥያቄውን እያለሰለሰ ነው። «ኦንሊ ጀስት» ብለሽ ስትደርቢያት ደግሞ አዲስነቱ ይጠነክራል፤ «አይቭ ኦንሊ ጀስት ሲን ዩር ሜሴጅ» ማለት «መልእክትህን ገና አሁን ማየቴ ነው» ነው። ዘግይተሽ ስትመልሺ ይህን የመሰለ ጨዋ አነጋገር የለም። ያየሽው እውነት አሁን ከሆነ ተጠቀሚበት።

ደቡብ አፍሪካዊው ባልደረባሽ አልዋሸሽም። በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ «ጀስት ናው» ወደፊት የሚያይ አባባል ነው፤ «በኋላ፣ ሲመቸኝ» ማለት ይቀርበዋል፣ ሰዓት አይቆረጥለትም። ቶሎ ለማለት ሲፈልጉ «ናው ናው» ይላሉ። ያም ቢሆን በዚያች ደቂቃ ማለት ላይሆን ይችላል። አንቺም «አይ ሴንት ኢት ጀስት ናው» ስትይው ያለፈ ግስ ስላለበት ይገባዋል። ግን «ጀስት ናው» ብቻ ብለሽ በአጭሩ ከመለስሽለት ገና ልትልኪ ነው ብሎ ይረዳሻል። ለእሱ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ንገሪው። አየርላንዳዊ ባልደረባ ካጋጠመሽም «አይም አፍተር ሴንዲንግ ኢት» ሲል እንዳትደናገጪ። ለመላክ እየተከታተልኩ ነው ማለቱ አይደለም። ገና አሁን ልኬዋለሁ ማለቱ ነው፤ ከራሳቸው ከአይሪሽ ቋንቋ ይዘውት የመጡት አነጋገር ነው። ስትሰሚው ተረጂው፣ አንቺ ግን አትጠቀሚበት። ሌላ አገር ሰው ይጠፋበታል።

ስለዚህ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው እርስ በርስ የማይስማሙበት ነገር ላይ አንቺ ዝም ማለት የለብሽም። «ሃቭ የት ገባ?» ያለሽን ባልደረባሽን ሲመቸሽ «አሜሪካኖች እንዲህም ይላሉ» ብለሽ በሰላም ንገሪው። ያረመችሽን ግን አመስግኛት። እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ለልምምድ የምመክርሽ ቀላል ነው። ትንሽ ነገር በጨረስሽ ቁጥር ለራስሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሪው። ስልክ ዘጋሽ? «አይቭ ጀስት ሃንግ አፕ (hung up)።» ከዚያ «አይ ሃንግ አፕ ኤ ሚኒት አጎ።» በር ዘጋሽ፣ ኢሜይል ከፈትሽ፣ ተቀመጥሽ፣ ሁሉንም እንዲሁ። ድምፅ አውጪ። ሃቭና አጎ የተለያየ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚኖሩ አፍሽ የሚለምደው በዚህ ነው፣ በንባብ አይደለም።

ሌላው ጽሑፍ ነው። ቻት ላይ «ጀስት ሴንት ኢት» ብሎ «አይ»ን መተው የተለመደ ነው፤ ማንም ቅር አይለውም። ኢሜይል ላይ ሙሉውን ጻፊ። አንድ ነገር ግን አስቢ፤ አንቺ «ጀስት ናው» ብለሽ የጻፍሽውን ሰውየው ከሦስት ሰዓት በኋላ ሊያነበው ይችላል፣ ምናልባትም በሌላ የሰዓት ክልል ሆኖ። የእሱ «አሁን» ካንቺ «አሁን» ጋር አይገናኝም። ጊዜው ለሥራው የሚያስፈልግ ከሆነ «ጀስት»ን ተዪና ሰዓቱን ጻፊለት፣ የማን አገር ሰዓት እንደሆነም ጨምሪበት። ሰዓት ከጻፍሽ ደግሞ ጊዜ ጠርተሻልና ሃቭን አውጪው።